ልብስ

በታኅሣሥ ቫርዶ ላይ ፀሐይ አትወጣም፤
ሥራ ስገባ ሌት ነው፣ ሌት ነው ስመጣም።
ቀኑን ሙሉ ከዓሣ ጋር ነው የምታገለው፤
እጅጌዬን ሳራግፍ ቅርፊት ነው የሚረግፈው።

ልጄ ሱኒቫም ታራግፋለች፣ በአሥር ዓመቷ፤
ግን ዓሣ አልነካችም።
ከማበጠሪያዋ፣ ከጥቁር ሹራቧ
ነጭ ነጭ ይወርዳል።
ጠዋት አንሶላዋን በመስኮት ሳራግፍ
የራሴን ልጅነት ነው ነፋስ የሚወስደው።

ሶሪያሲስ ይሉታል። ከእኔ ነው የወረሰችው፤
እኔም ከእናቴ፤ እሷም ከማን እንደሁ ሳንጠይቃት ሞተች።
ቤት የለኝ፣ ጀልባ የለኝ፣ ለልጄ የማወርሳት፤
ይኸው ክርኔን ሰጠኋት፣ ይኸው ጉልበቴን ሰጠኋት።

መዋኛው ዳር ኤስኪል «ውሃው ይበከላል» አለ።
ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሆዷን ያማታል።
ዋናው ቀረ። ቀጥሎ ሩጫው ቀረ። ቀጥሎ ደጁ።
ሶፋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ከስልክና ከቺፕስ ጋር፤
እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤
ቢያንስ አላለቀሰችም።

ኪርኬኔስ ሆስፒታል፣ አራት ሰዓት በመኪና።
ዶክተር ጉንቮር ቅባት ትጽፋለች ብዬ ስጠብቅ
ሜትር አወጣች፣ እንደ ልብስ ሰፊ፤
ወገቧን ለካች፣ የደም ግፊቷን ለካች፤
«ደምም እንቀዳለን» አለች፣ «ስኳሩን፣ ስቡን፣ ጉበቱን እንይ።»

ተቆጣሁ። «የመጣነው ለቆዳ ነው!» አልኩ።
«ሹራቧን ታውልቅ፣ ይታይ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ።»
ሐኪሟ ቀና ብላ አንዲት ቃል መለሰች፦
«ልብስ?»
ሹራቡን ላነሳ ጎንበስ አልኩ፤
እሷ ግን ጣቷን ደረቷ ላይ አሳርፋ ጠበቀችኝ።

«ጭሱን ነው ያየነው፣ ጣሪያ ላይ የወጣ፤
እሳቱ ከታች ነው፣ ከጓዳ የመጣ።
በደም ሥር ይዞራል፣ ቤት ለቤት ያንኳኳል፤
ክብደት ሲጨመርም ነበልባሉ ይብሳል።
የቱ እንደ ቀደመ ገና አልለየንም፤
በሁሉም አይደርስም፣ ማየት ግን አይከፋም።
ልጅ ናት፣ ተመልከት፤ ገና አልመሸብንም።»

በመስኮቱ ውጭ ድቅድቅ ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።
ሳቄ መጣ፤ አልሳቅሁም።
«ጥፋቷ አይደለም» አለች። ደገመችው፤
ሁለተኛውን ወደ እኔ ዞራ።

በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ሣጥን ተሸክሜ፣
ወደብ ላይ ወደቅሁ፣ ደረቴን ታምሜ።
ትሮምሶ ወሰዱኝ፣ በሥሬ ሽቦ አስገቡ፤ ተረፍሁ።
ቆዳዬን ያከመው ልቤን አልጠየቀኝ፤
ልቤን ያዳነው ሰው ቆዳዬን አላየኝ።
ሁለቱም ደጎች ነበሩ።
ቢሮአቸው በር ለበር ነበር።

ውጤቱ በደብዳቤ መጣ፦ ስኳሯ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤
አልገባም፣ አልሄደም።
ይህ ለልጅ እንዴት ይነገራል?
እኔ አልነገርኳትም። እሷ አነበበችልኝ።

ታምር የለም። ኮካውን መጀመሪያ የተውኩት እኔ ነኝ።
ከእራት በኋላ የግንባር መብራት አስረን
እስከ መብራት ቤቱ መታጠፊያ እንሄዳለን፤
እኔ አለከልካለሁ፣ እሷ ቆማ ትጠብቀኛለች።
ማክሰኞ ማክሰኞ የመብራት ሕክምና ሣጥን ውስጥ ትቆማለች፣
ዓይኗን ሸፍና፣ እጇን ዘርግታ።
አንሶላው ዛሬም ይራገፋል።

በጥር፣ ፀሐይ ሙሉ ክቧን ስታሳይ፣
ከምሽጉ መድፍ ይተኮሳል፤ ተማሪ ይለቀቃል።
ሱኒቫ ጓንቷን አወለቀች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች፤
«አንድ ደቂቃ ብቻ» አለችኝ፣ ክንዷን ለብርሃን ሰጥታ።
ኤስኪል አጠገባችን ቆመ። አየ።
«ያማል?»
«ያሳክካል።»
ሌላ የሚለው አልነበረውም፤ እሷም አልጠበቀችም።

እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ።
«በቃ፣ ብርዱ ይጎዳሻል» አልኳት፣ «ልብስሽን ልበሺ።»
ጆሮዋን ካፖርቴ ላይ አስጠግታ፣
«ልብህስ?» አለችኝ።